ጀኔራል ማኸር ለአይሪሽ ብርጌድ ለምን አሮጌውን ጠመንጃ መረጠ?

ሰንደቅ፦
ቶማስ ፍራንሲስ ማኸር በ1848 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በእንግሊዝ ላይ አምፆ ሞት የተፈረደበት፣ ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ ግዞት ተለውጦለት ታዝማኒያ (የአውስትራሊያ ደሴት) የተላከ፣ በ1852 አምልጦ ኒው ዮርክ የገባ አየርላንዳዊ ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሰሜኑን የአይሪሽ ብርጌድ መርቷል። ሁለት ነገር አልገባኝም። ስፕሪንግፊልድን የመሰለ ሩቅ መቺ ጠመንጃ እያለ ለምን የ1842ቱን ሞዴል መረጠ? ደግሞስ ታዝማኒያ ላይ ላለማምለጥ የክብር ቃል ሰጥቶ ነበር፤ ቃሉን አጥፎ ነው የወጣው?

ባሩድ ቤት፦
የጠመንጃውን እኔ ልመልስ። የ1842ቱ በርሜል ውስጡ ልሙጥ ነው፣ ስፋቱም 17.5 ሚሊሜትር ገደማ። በወረቀት በተጠቀለለው ጥይት ውስጥ ባሩድ፣ አንድ ትልቅ ድቡልቡል እርሳስና ሦስት ትንንሽ እርሳሶች አሉ። ወታደሩ ወረቀቱን በጥርሱ ይቀድና ባሩዱን በአፈሙዙ ያፈሳል፤ እርሳሱን ከትቶ በዘንግ ይጠቀጥቃል፤ ባሩዱን የሚያቀጣጥለውን ትንሽ ካፕሱል ከመዶሻው ሥር አድርጎ ይተኩሳል። የለመደ ሰው በደቂቃ እስከ ሦስት ጊዜ ይተኩሳል። 300 ሰው በአንድ ትእዛዝ ሲተኩስ እንግዲህ 1,200 እርሳስ ይወጣል ማለት ነው።
ችግሩ ርቀት ነው። ድቡልቡል እርሳስ ሳይሽከረከር ስለሚሄድ ከ100 ሜትር በላይ ወዴት እንደሚያመራ አይታወቅም፤ ትንንሾቹ ደግሞ ቀድመው ይደክማሉ። የስፕሪንግፊልድ ጥይት በርሜሉ ውስጥ ባለው ጠመዝማዛ መስመር እየተሽከረከረ ስለሚወጣ 300 ሜትርም ላይ ይመታል፤ ግን በአየር ላይ ከፍ ብሎ ስለሚወርድ ርቀት ገምቶ ማነጣጠር ይጠይቃል፣ ይህን በቅጡ የሠለጠነ ምልምል ጥቂት ነበር። የማኸር ሐሳብ ተጠግቶ ደጋግሞ መተኮስና በሳንጃ መግባት ነበር። ለዚያ ዓላማ ምርጫው ሞኝነት አይደለም።

የወንዝ ማዶ፦
በወረቀት ላይ ልክ ነህ። መሬት ላይ የሆነውን ግን እንይ። አንቲተም፣ ሴፕቴምበር 17 ቀን 1862፦ ደቡቦቹ ጋሪ ሲመላለስበት ጎድጉዶ የወረደ መንገድ ውስጥ መሽገዋል። ብርጌዱ ከመድረሱ በፊት የእንጨት አጥር ማፍረስ ነበረበት፤ እዚያው ላይ ብዙ ሰው ወደቀ። ከዚያ ጉብታው ላይ ቆመው፣ ከ100 ሜትር በማይበልጥ ርቀት ተኮሱ። በዚህ ርቀት እርሳሱ በእርግጥ ፈጅቷል። ሳንጃው ግን ሳይደርስ ቀረ፤ ለመጠጋት የተከፈለው ዋጋ ለመግባት የሚበቃ ሰው አላስተረፈም። 63ኛውና 69ኛው የኒው ዮርክ ሬጅመንቶች (የብርጌዱ ክፍሎች) ከግማሽ በላይ ሰዋቸውን አጡ፤ ከብርጌዱ በጠቅላላ 540 ያህል ሞተዋል ወይም ቆስለዋል። ሌላው የሰሜን ጦር፣ የካልድዌል ብርጌድ፣ መጥቶ ተካቸው።
ፍሬደሪክስበርግ (ዲሴምበር 13) ይብሳል። በጠባብ ድልድይ ቦይ ተሻግረው፣ እንደገና ተሰልፈው፣ ገላጣ ሜዳ ሽቅብ ወጡ። ከድንጋይ ካብ ኋላ የቆመ ጠላት የሚታየው ከትከሻው በላይ ብቻ ስለሆነ ትንንሾቹ እርሳሶች ካቡን ከመምታት ሌላ ብዙ አልሠሩም። 1,200 ያህል ገብተው 545 ሞተው፣ ቆስለው ወይም ጠፍተው ጎደሉ። የአየርላንድ ምልክት የሆኑት የቀድሞዎቹ አረንጓዴ ባንዲራዎች በጥይት ተቀዳደው ለመተካት ወደ ኒው ዮርክ ስለተመለሱ፣ ያን ቀን አረንጓዴ የያዘው 28ኛው የማሳቹሴትስ ሬጅመንት ብቻ ነበር፤ ወታደሮቹ ቆባቸው ላይ ለምለም ቅጠል ሰክተው ነው የገቡት።

ግዞተኛው፦
ስለ ቃሉ፦ ግዞተኞቹ በተመደበላቸው ወረዳ እንደ ልብ የሚንቀሳቀሱት ላለማምለጥ ቃል በመስጠታቸው ነው። ማኸር በጃንዋሪ 1852 ቃሉን ማንሳቱን ለዳኛው በደብዳቤ አሳወቀ፤ ፖሊሶች እስኪመጡ ጠበቀ፤ ከዚያ ፈረሱን ኮልኩሎ ሄደ። ተቺዎቹ የሚሉት፣ ቃል የሚነሳው ራስን ለሕግ አስረክቦ እንጂ ፈረስ ጭኖ ፖሊስ በመጠበቅ አይደለም ነው። ለእኔ ግን ደብዳቤው ቀድሞ መድረሱ ይመዝናል፤ ማሳወቅ ባይፈልግ ኖሮ ሌሊቱን ሙሉ መጋለብ ይችል ነበር።

ሰንደቅ፦
አመሰግናለሁ፣ ሁለቱም ገብቶኛል። ታዲያ በ1863 ለምን ለቀቀ? በፍሬደሪክስበርግ ምክንያት ነው?

የወንዝ ማዶ፦
እሱ ብቻውን አይደለም። የተረፉትን ወደ ኒው ዮርክ ወስዶ ምልምል ለመጨመር ያቀረበው ጥያቄ ተቀባይነት አላገኘም። በሜይ 1863 ከቻንስለርስቪል ውጊያ በኋላ ብርጌዱ ሲሳሳ ማኸር ሥልጣኑን አስረከበ፤ ብርጌዱ ግን በዚያው ቁጥሩ ወደ ጌቲስበርግ ውጊያ ዘመተ።