የእንሰት የጋራ ፕሮፖዛል፦ ከምኑ እንጀምር?

ሰብሳቢ፦ ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ለጋራ የምርምር ፕሮፖዛላችን እስካሁን የተስማማነው ሰብሉ እንሰት እንዲሆን ብቻ ነው። ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ቆጮና ቡላ እየበላ ይኖራል፤ ምርምሩ ግን ከጤፍና ከስንዴ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ረቂቁ ላይ የመጀመሪያው ሥራ «ጂኖሙን ማንበብ» ተብሎ ተጽፏል፤ የተክሉን ሙሉ የዘረመል መረጃ ማለት ነው። ሐሳብ ስጡበት።

የዘረመል ባለሙያ፦ እኔ ይሄ ይቀየር ባይ ነኝ። የእንሰት ጂኖም ረቂቅ ከወጣ ከ10 ዓመት በላይ ሆነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ የ17 ናሙናዎች መረጃ ታትሟል። የጎደለን ንባቡን ከጓሮው ጋር የሚያገናኝ ሥራ ነው። የትኛው ተክል አጠውልግን፣ ማለትም እንሰትን የሚያደርቀውን የባክቴሪያ በሽታ፣ ይቋቋማል? ምን ያህል? ይህ በወጉ ካልተለካ፣ የዲኤንኤ ፊደል ብንደረድር ለገበሬው ጠብ የሚልለት ነገር የለም።

ከወላይታ፦ እውነት ነው ዶክተር። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ጓሮ ገብቼ ነበር። የእንሰቷ መሃል ቅጠል ገርጥቶ ታጥፏል። የቅጠሉን እግር ቆረጥ ስታደርገው፣ ትንሽ ቆይቶ ቢጫ ዝልግልግ ፈሳሽ ወጣ። አምስት ዓመት የደከመችበት ተክል ነው። ወዲያው ቢላዋውን እሳት አስነካችው፤ በሽታው በቢላዋ ከአንዱ ወደ ሌላው እንደሚሄድ ታውቃለች። አጠገቡ የቆመው ማዚያ የሚባለው የእንሰት ዓይነት ግን ደህና ነበር። ማዚያ ፈጽሞ አይያዝም ማለት አይደለም፤ ከሌሎቹ የተሻለ እንደሚቋቋም ግን ምርምሩም አይቶታል። ከእሱ እንጀምር።

የዘረመል ባለሙያ፦ በጣም ጥሩ። ጂኖሙም የሚጠቅመን እዚህ ጋ ነው። ገበሬው እንሰትን የሚያራባው ከአሚቾው፣ መሬት ውስጥ ካለው ወፍራም ግንዱ፣ በሚበቅል ችግኝ ነው፤ ሳያብብም ይቆርጠዋል። ስለዚህ ማዳቀል ዓመታት ይፈጃል። ማዚያን የሚያበረታው የትኛው ዘረመል እንደሆነ ካወቅን ግን፣ ከተዳቀሉት ችግኞች ቅጠል ቆንጠር አድርገን ገና በልጅነታቸው መለየት እንችላለን።

ከሲዳማ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ያው አንዱ እንሰት ከቦታ ቦታ ስሙ ይለያያል። አንዳንዴ ደግሞ በአንድ ስም የሚጠሩት ሁለት የተለያዩ ናቸው። ናሙና ስንወስድ ስሙን በአካባቢው ቋንቋ፣ ለቆጮ ነው ለአሚቾ የሚለውን፣ ጓሮውን የያዘችው ሴት የነገረችንንም አብረን እንመዝግብ። የሰጠችን ሴት በሥራው ላይ ትጠቀስ፣ እሷ ከፈቀደች። ይሄን ነገር ቀለል አድርጋችሁ አትዩት፤ እውቀቱ የሷ ነው።

ከውጭ ያለ አባል፦ ቅጠሉን እኛ ጋ ልካችሁ ማስነበብ ትችላላችሁ። ግን የዘረመል ሀብት አጠቃቀምን የሚመለከት አዋጅ 482/1998 አለ፤ ያለ ኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ አንድም ቅጠል ከአገር አይውጣ። ፈቃዱ ጊዜ ስለሚወስድ ማመልከቻውን አሁኑኑ እንጀምር። ዲኤንኤውን ከቅጠሉ እዚያው አገር ቤት ለይቶ ማውጣት ከተቻለ ደግሞ የተሻለ ነው፤ ተማሪዎችም ይማሩበታል።

ሰብሳቢ፦ እሺ፣ ቅደም ተከተሉን ገልብጬዋለሁ። አንደኛ የጓሮ ምዝገባ፣ ሁለተኛ የበሽታ መቋቋም ሙከራ፣ ሦስተኛ ጂኖም። የወላይታው ወንድማችን እስከ ዓርብ የምዝገባ ቅጹን ረቂቅ ይላክ፤ የሲዳማዋ እህታችን የስሞቹን ክፍል ትሙላበት። የፈቃዱን ደብዳቤ እኔ እጽፋለሁ።