ከድሬ ወደ ታጁራ በሃይሩፍ፦ መኪና ውስጥ እያደሩ የባሕር ዳርቻ ጉዞ

ሳቢያን02 (ጠያቂ)

ሰላም የድሬና የሐረር ሰዎች። በጥር ከባለቤቴና ከ9 ዓመት ልጃችን ጋር ወደ ጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ልንሄድ ነው፤ ሆቴል ሳንይዝ መኪናችን ውስጥ እያደርን። መኪናው ሃይሩፍ ሃያስ ነው፣ ናፍጣ፣ የሚነዳው በኋላ ጎማ ብቻ፣ ሊብሬው በስሜ። የኋላ ወንበሮቹን አንስቼ አልጋና ማብሰያ ላሰራለት አስቤያለሁ። መስመሩ ድሬ፣ ደወሌ፣ አሊ ሳቢህ፣ አሳል ሐይቅ፣ ታጁራና ሳብል ብላንክ፣ በመልስ ደግሞ አርታና ኮር አምባዶ፤ ሁሉም በ6 ቀን። ሦስት ነገር ልጠይቅ፦ ወረቀቱ ምን ምን ነው? መኪናው እስከ የትኛው ዳርቻ ይገባል? ሌሊት ሙቀቱ ያስተኛል?

የደወሌ መስመር

ጉዞን ድንበሩ ደወሌ ላይ የሚያስቀረው ወረቀት ስለሆነ ከሱ ልጀምር። ለሦስታችሁም ፓስፖርት፣ ልጁም የራሱ። ቪዛውን ድሬ ካለው የጅቡቲ ቆንስላ ጠይቁ፤ ስትጠይቁ በአየር ሳይሆን በመኪና፣ በገሊሌ (ከደወሌ ማዶ ባለው የጅቡቲ ኬላ) በኩል እንደምትገቡ ከመጀመሪያው ተናገሩ።

ለመኪናው ሊብሬ፣ የዘመኑ ቦሎ፣ መንጃ ፈቃድ (ዓለም አቀፉንም ብታወጣ ይሻላል)፣ ከዚያ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ (ድንበር ተሻግሮ የሚሠራ የኢንሹራንስ ወረቀት)። ቢጫ ካርዱን የሚሰጥህ የመኪናህ ኢንሹራንስ ድርጅት ነው። ስትቀበል ካርዱ ላይ ጅቡቲ ከሚሸፈኑት አገሮች መካከል መሆኗን፣ ቀኑም የመመለሻህን ቀን ማለፉን ራስህ አይተህ ውጣ። ይህ ካርድ የሚሸፍነው በሦስተኛ ወገን ላይ የሚደርስ ጉዳትን ነው። የራስህ መኪና ድንበር ተሻግሮም እንዲሸፈን ከፈለግህ ውሉ ላይ ተጨማሪ አንቀጽ እንዲገባልህ ለብቻ መጠየቅ አለብህ። መኪናው በባንክ ብድር የተያዘ ከሆነ የባንኩ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ በሌላ ሰው ስም ቢሆን ኖሮ ደግሞ የተረጋገጠ ውክልና።

ጉምሩክ ላይ መኪናው በጊዜያዊነት እንደወጣ ይመዝገብ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ፦ ሶላር፣ ባትሪ፣ ፍሪጅ፣ ካሜራ ከያዛችሁ ሞዴላቸውንና መለያ ቁጥራቸውን በአንድ ወረቀት ዘርዝራችሁ ስትወጡ አስመዝግቡ። አለበለዚያ ስትመለሱ ከጅቡቲ የተገዛ አዲስ ዕቃ ነው ቢባል ማስረጃ የላችሁም። ናፍጣ በጀሪካን አትጫኑ። ጫትም በመኪና ይዞ መሻገር አይታሰብ፤ ፈቃድ ያለው ላኪ ብቻ የሚሠራው ንግድ ነው።

ከድሬ እስከ ደወሌ 220 ኪ.ሜ. ገደማ ጥሩ አስፋልት ነው፣ የክፍያ መንገድ። ሽንሌን፣ አዲጋላንና አይሻን ታልፋላችሁ። መንገዱ ስለሚያስሮጥ ግመል አዘናግቶ ይገባል፤ ከጨለመ በኋላ አትንዱ። አርብ ድንበር ላይ እንዳትደርሱ፤ ጅቡቲ ሳምንታዊ ዕረፍታቸው አርብ ነው። በሌላው ቀንም ቢሆን ከእኩለ ቀን በፊት ጨርሳችሁ ብትሻገሩ ነው የሚሻለው፤ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ቢሮውን ሁሉ ጸጥ ያደርገዋል።

ገንዘቡ የጅቡቲ ፍራንክ ነው፣ በዶላር 177.7 ገደማ ተቆርጦ የተቀመጠ፤ ስለዚህ ምንዛሪው ከዚህ ብዙ ከራቀ አትቀበሉ። ከድንበሩ ማዶ በኢትዮ ቴሌኮም መስመራችሁ ብቻ አትተማመኑ፤ የጅቡቲ ቴሌኮም ሲም ግዙ፣ ካርታውንም ድሬ ሳላችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ።

ጋራዥ ከዚራ

ወንበሩን ነቅለህ አልጋውን ከወለሉ ጋር አትበይድ። ሊብሬው ላይ የተጻፈው የወንበር ብዛት ከመኪናው ጋር ካልገጠመ ድንበር ላይም፣ በዓመታዊ ምርመራም ጥያቄ ያስነሳል። የሚሻለው በወንበሩ ብሎን ቀዳዳ ላይ በብሎን የሚታሰር የቱቦላሬ ፍሬም ነው፤ ስትመለስ ፈትተህ ወንበሩን ትመልሳለህ። ከላዩ 15 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ፣ ጠርዙ ሳይቀር ቫርኒሽ የተቀባ። ቺፑድና ኤምዲኤፍ አታስገባ፤ የባሕር እርጥበት ጠጥተው በጥቂት ቀን ያብጣሉ፣ ብሎኑም ይለቃል።

ሃያስ ሞተሩ ከፊት ወንበሮች ስር ነው። ይህን አትርሳ፤ ቆመህ ሞተር ካጠፋህ በኋላም ለአንድ ሰዓት ያህል ሙቀቱ ወደ ውስጥ ይወጣል። ስለዚህ የአልጋው ራስጌ ወደ ኋላ በር ይሁን፣ የምታድርበት ቦታም ጀምበር ሳትጠልቅ ደርሰህ በሮቹን ሁሉ ከፍተህ አቀዝቅዘው።

ጎማ፦ ጎኑ ላይ ያሉትን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች እይ፤ 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት የተሠራ ነው። ከ6 ዓመት በላይ የሆነ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢመስልም ግራንድ ባራ በሚባለው የጅቡቲ በረሃማ ሜዳ ላይ በሙቀት ሊፈነዳ ይችላል። መለዋወጫ ጎማውን ደግሞ ከመውጣትህ በፊት ጎሚስታ አስነፋው፤ ብዙ ጊዜ ባዶ ሆኖ የሚገኘው እሱ ነው።

አሸዋ ላይ ለመግባት ካሰብክ (እኔ በዚህ መኪና ከጠንካራው መሬት አትውረድ እላለሁ) አስቀድመህ የአራቱንም ጎማ ንፋስ ቀንስ። ለአስፋልት ከኋላ 45 ፒኤስአይ የሚሆነውን ወደ 20 አውርድ። ጎማው ሲረዝምና ሲሰፋ ክብደቱ ይከፋፈላል፣ አይሰምጥም። ከዚያ ከ30 ኪ.ሜ. በሰዓት አትለፍ፣ መሪም በድንገት አትጠምዝዝ፣ ጎማው ከቸርኬው ይወልቃል። ስትቆም ፍሬን ሳትይዝ ተንሸራትቶ ይቁም፤ ፍሬን ፊት ለፊትህ የአሸዋ ክምር ይሠራልሃል። ጎማው ባለበት መሽከርከር ከጀመረ ወዲያው እግርህን ከነዳጅ አንሳ። ሁለት ጊዜ ጨምረህ ከረገጥክ ዲፈረንሻሉ አሸዋ ላይ ይተኛል፣ ያኔ ክሪክም ይሰምጣል። ለዚህ ነው ከክሪኩ ስር የሚቀመጥ 30 በ30 ሳ.ሜ. ወፍራም ጣውላ፣ አካፋና ሁለት የአንድ ሜትር ሳንቃ የምትይዘው። አስፋልት ላይ ስትመለስ ጎማውን ሳትነፋ 80 መንዳት ጎማውን ያቃጥለዋል፣ ስለዚህ ከመኪናው ባትሪ የሚሠራ ኮምፕሬሰር የግድ ነው።

ወደ አሳል ቁልቁለቱ ረጅም ነው። በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ውረድ፣ በፍሬን ብቻ ከወረድክ የፍሬን ሸራው ይጋልና አይዝልህም። ስትወጣ የሙቀት መለኪያውን እያየህ ኤሲውን አጥፋ።

ሰልባትዮው 70 ሊትር ይዛል፤ ተጭኖ በ100 ኪ.ሜ. 11 ሊትር ብትገምት ለ1,000 ኪ.ሜ. 110 ሊትር ነው። ድሬ ላይ ሞልተህ ውጣ፣ ታጁራ ሳትገባ አሊ ሳቢህ ላይ ጨምር።

ጀጎል

የሌሊቱን ሙቀት ለጠየቅከው፦ በጥር ጅቡቲ ሌሊት 22 ወይም 23 ዲግሪ ነው፣ ቀን 28 ወይም 29። መስኮት ከፍቶ በደንብ ይተኛል። ከግንቦት እስከ መስከረም ግን ሌሊቱም 30 አካባቢ ነው፣ ቀኑ 40 ገደማ፤ በዚያ ወቅት ሕፃን ይዞ መኪና ውስጥ ማደር አደጋ ነው።

አጎበር ቆርጣችሁ በመስኮቶቹ ልክ አሰፉት፣ ጠርዙ ላይ ትንንሽ ማግኔት ይሰፋበት፤ ከውጭ በር ላይ ይጣበቃል። ወባም ዴንጊም እዚያ አለ፣ ለድሬ ሰው አዲስ አይደለም።

ፍሪጁን በሒሳብ አስቡት። 12 ቮልት ላይ የሚሠራ 40 ሊትር ፍሪጅ 4 ወይም 5 አምፔር ይስባል፤ በዚያ ሙቀት የቀኑን ግማሽ ስለሚሠራ በ24 ሰዓት 55 አምፔር ሰዓት ይሆናል። አንድ ማራገቢያ ሌሊቱን ቢያድር 10። ጠቅላላ 65። 100 አምፔር ሰዓት የሆነ የአሲድ ባትሪ ሳይጎዳ የሚሰጠው 50 ነው፣ ስለዚህ 24 ሰዓቱ ሳይሞላ ያልቃል። ሊቲየም (ኤልኤፍፒ የሚባለው) 80 ይሰጣል። 200 ዋት ሶላር በጥር ፀሐይ በቀን 60 ያህል ይመልሳል፣ የቀረውን ስትነዱ ዲናሞው ይሞላል። ሶላሩን ጣሪያው ላይ አትለጥፉት፤ ከስሩ 3 ሳ.ሜ. ንፋስ ይለፍበት፣ ሲግል ኃይሉ ይቀንሳል። ሊቲየሙ ከ45 ዲግሪ በላይ ሲሆን መሞላት የለበትም፣ ስለዚህ ከሞተሩ አጠገብ አይቀመጥ። ፊውዙ ከባትሪው በ20 ሳ.ሜ. ውስጥ ይሁን፤ ሽቦው መሐል ላይ ቢፈገፈግ እሳቱን የሚያቆመው እሱ ብቻ ነው።

ማብሰያው ትንሽ የጋዝ ሲሊንደር ይሁን፣ በሩ ተከፍቶ፣ ብትችሉ ደግሞ ውጭ። የከሰል ምድጃ መኪና ውስጥ በፍጹም አይግባ። ቡና ተፈልቶበት «ጠፍቷል» ተብሎ ከመኝታ አጠገብ የተቀመጠ ከሰል ሽታ የሌለው መርዝ እያወጣ ያድራል፤ የተኛ ሰው አይነቃም። ይህን ደጋግሜ ብናገረው አይበዛም።

ውኃ ለሦስት ሰው በቀን 30 ሊትር ቁጠሩ፦ 15 ለመጠጥና ለምግብ፣ 15 ለመለቃለቂያ። ሦስት ባለ 20 ጀሪካን ሁለት ቀን ያደርሳችኋል። የጅቡቲ የቧንቧ ውኃ ጨው ጨው ይላል፤ ለመታጠቢያ ሙሉት፣ ለመጠጥ የታሸገ ግዙ።

ባብ

አቦ፣ ዳርቻዎቹን በመኪናው ልክ እንያቸው።

ከአሊ ሳቢህ መጥታችሁ ትልቁን መንገድ ከያዛችሁ ጅቡቲ ከተማ መግባት አያስፈልግም፤ ከከተማው 51 ኪ.ሜ. ላይ፣ ፒኬ 51 የሚሉት ቦታ፣ ወደ ታጁራ የሚወስደው መገንጠያ አለ። መንገዱ ጉቤት የሚባለውን የባሕር ወሽመጥ ከላይ እያሳየ ያልፋል። እዚያ ቆማችሁ እዩ፤ ጥቁሩ እሳተ ገሞራ፣ ሰማያዊው ውኃ፣ መሐሉ ላይ የሰይጣን ደሴት የሚሏት። ጉቤት ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ጋር የሚገናኝበት ጠባብ በር ላይ ግን ማዕበሉ ሲገባና ሲወጣ ውኃው እንደ ወንዝ ይሮጣል፤ በዚያ በኩል አትዋኙ።

ሳብል ብላንክ ከታጁራ በስተምሥራቅ 7 ኪ.ሜ. ገደማ ነው፣ ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነው። መንገዱ ድንጋያማ ስለሆነ ሃይሩፍ ሆዱን ይመታል። መኪናውን ታጁራ አቁሙና በጀልባ ወይም በፎር ዊል ድራይቭ ሂዱ። ኮራሉ ከዳርቻው ቅርብ ስለሆነ መነጽር ለብሶ ከላይ ማየት ብቻ ይበቃል። እግር ላይ ጫማ ይኑር፦ የባሕር ጃርት አለ፣ ድንጋይ የሚመስለው መርዛማ ዓሣም አለ።

አርታ ዳርቻን ከዕቅዳችሁ አውጡት። ቁልቁለቱ ለዚህ መኪና አይሆንም፣ አካባቢውም የጦር ልምምድ ቦታ ስለሆነ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ዓሣ ነባሪ ሻርኩን ማየት ከፈለጋችሁ ከኅዳር እስከ ጥር ወደ ባሕረ ሰላጤው ይመጣል፣ አብዛኞቹ 3 ወይም 4 ሜትር የሚሆኑ ወጣቶች ናቸው፤ የሚታየው በጀልባ ነው። ሰው አይነክስም፣ ጭራው ግን ይመታልና ራቅ በሉለት፣ አትንኩት። ኮር አምባዶ ከከተማው በስተምዕራብ 15 ኪ.ሜ. ገደማ ነው፤ የመጨረሻው ክፍል ሻካራ ቢሆንም በቀስታ ይገባል፣ አርብ ይጨናነቃል።

የምታድሩበትን ቦታ በጨረቃ ቁጠሩ። በጨረቃ ወር መጀመሪያና በ15ኛው አካባቢ ባሕሩ ከሌላው ቀን በላይ ወጥቶ ይገባል፣ ከፍታና ዝቅታው ከ2 ሜትር ያልፋል። የደረቀ የባሕር አረም የተሰለፈበትን መስመር ፈልጋችሁ ከሱ በላይ አቁሙ። ደረቅ ወንዝ ውስጥ ደግሞ በጭራሽ፤ የድሬው ደቻቱ ወንዝ በ1998 ዓ.ም. በጎርፍ ያደረገውን የሚያውቅ የድሬ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልገውም፣ ዝናቡ የሚዘንበው ከላይ፣ እናንተ ከማታዩት ተራራ ላይ ነው።

ወደብ፣ ወታደርና የጦር ሰፈር ፎቶ አታንሱ፣ ድሮንም አትያዙ።

ሳቢያን02

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። አርታን አወጣሁት። አንድ የቀረኝ፦ አሳል ዳር ማደር ይቻላል? ልጁን ውኃው ውስጥ ማስገባትስ?

ባብ

አትደሩ። ከባሕር ጠለል 155 ሜትር በታች የሆነ ጉድጓድ ነው፣ ጥላ የለም፣ ንፋሱ ጨው ይዞ ይመጣል። አሊ ሳቢህ ከፍ ያለና ቀዝቃዛ ስለሆነ የመጀመሪያውን ሌሊት እዚያ አሳልፉ፣ ንጋት ላይ ተነስታችሁ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ አሳል ድረሱ፣ አምስት ሰዓት ላይ ውጡ።

ልጁ ይግባ፣ ግን ውኃው ከባሕር 10 እጥፍ ያህል ጨዋማ ነው። ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ያድርግ፣ የጨው ክሪስታሉ እንደ መስታወት ይቆርጣል። ከጉልበቱ ወይም ከክርኑ ትንሽ ተልጦ ከሆነ አታስገቡት። በጀርባው ተኝቶ ይንሳፈፍ፣ በሆዱ አይገልበጥ፤ ዓይኑ ውስጥ ከገባ እጁም ጨዋማ ስለሆነ ማሸት ያባብሰዋል፣ ከእናንተ አንዱ ንጹሕ ውኃ በኮዳ ይዞ አጠገቡ ይቁም። 10 ደቂቃ ይበቃዋል። እንደወጣ 5 ሊትር ንጹሕ ውኃ ከራሱ ጀምሮ አፍስሱበት፣ ቆዳው ላይ ከደረቀ ያሳክካል። መኪናውን ጨዉ ላይ አትንዱት፤ ቅርፊቱ ከስሩ ጭቃ ሊሆን ይችላል።

ጋራዥ ከዚራ

አንድ ነገር ልጨምር። ድሬ በተመለስክ በማግስቱ መኪናውን ላቫጆ ወስደህ ከስር አሳጥበው፣ ቻሲው፣ የፍሬን ቱቦዎቹና የባሌስትራው ቅጠሎች መሐል ሳይቀር። ውኃው በጣም የሚገፋ ፓምፕ ከሆነ ከሽቦ መገጣጠሚያዎቹ ይራቅ። የባትሪውን ምሰሶዎች አጽድተህ ግሪስ ቀባ፣ የኋላ ፍሬን ታምቡሮቹንም አስከፍተህ አሸዋውን አስጠርግ፤ አሸዋው እዚያ ከቀረ ሸራውንም ታምቡሩንም አብሮ ይበላቸዋል።