የበረዶ ላይ ዓሣ ማጥመጃ ድንኳኔ ውኃ በዝቶበታል፤ ምን ልቀባው?

ጀማሪው (ሴንት ፖል)

ሰላም ወገኖች። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሚል ላክስ ሐይቅ እየተመላለስኩ በረዶ ላይ ዓሣ ማጥመድ ለመድኩና ዘንድሮ የራሴ ድንኳን ይኑረኝ ብዬ ያገለገለ ገዛሁ። አራት ሰው የሚይዝ፣ ግድግዳዎቹንና ጣሪያውን ከመሀል እየሳብክ የምትገትረው ዓይነት ነው። ጨርቁ ነጠላ ነው፤ በመሀሉ ሙቀት መያዣ የተሰፋበት አይደለም። መለያው ላይ ፖሊስተር፣ 300 ዲ (የክሩ ውፍረት መለኪያ) ይላል።

ችግሬ ውኃ ነው። የፕሮፔን ማሞቂያዬን ከለኮስኩ ብዙም ሳይቆይ ከጣሪያው ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል። በበሩ በኩል ያለው ማዕዘን መቼም ደርቆ አያውቅም። ወለሉማ ውኃ አቁሮ፣ ጫማችን እንደራሰ ነው የምንውለው። ሱቅ ሄጄ ብጠይቅ አንዱ የሚረጭ፣ አንዱ የሚቀባ፣ አንዱ የሚለጠፍ ነገር አሳየኝ፤ ሁሉም ላይ «ውኃ አያስገባም» ተብሎ ተጽፏል። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ልጆቼን ይዤ መሄድ አስቤያለሁ። ከሦስቱ የቱን ልግዛ?

የዱሉዙ

ወንድሜ፣ ገንዘብህን ለጊዜው ኪስህ ውስጥ አቆየው። አንድ ችግር ብለህ የጻፍከው ሦስት ነው። ከላይ የሚገባ ውኃ አለ፣ እዚያው ውስጥ የሚፈጠር አለ፣ ከሥር የሚወጣ አለ። የሚረጨው ነገር የሚረዳህ ለመጀመሪያው ብቻ ነው፤ የጣሪያህ ነገር ደግሞ የመጀመሪያው አይመስለኝም።

ፕሮፔን ሲነድ ውኃ ይፈጥራል። ያቺ አንድ ፓውንድ የምትይዘው ትንሿ ጋዝ፣ 450 ግራም ገደማ ማለት ነው፣ ነዳ እስክታልቅ ከ700 ግራም በላይ ውኃ በእንፋሎት መልክ ድንኳኑ ውስጥ ትለቃለች። ከራሷ ክብደት በላይ መሆኑ አይግረምህ፤ ኦክሲጅኑን የምትወስደው ከአየሩ ነው። የአራት ሰው ትንፋሽና ለማጥመጃ በረዶው ላይ ከተበሳው ቀዳዳ የሚነሳውን እንፋሎት ጨምርበት። ውጭው ከዜሮ በታች 15 ሲሆን ያ እንፋሎት ነጠላውን ጨርቅ እንደነካ አመዳይ ሆኖ ይለጠፋል። ማሞቂያውን ከፍ ስታደርገው ቀልጦ ራስህ ላይ ይዘንባል። ጨርቁን ከውጭ ምንም ብትቀባው ይሄንን አያቆመውም።

መለየቱ ቀላል ነው። ከዜሮ በላይ በሆነ ቀን ግቢህ ውስጥ ትከለው፤ ማሞቂያ አትለኩስ። አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ውስጥ ይግባ። አንተ ከውጭ ከታች ጀምረህ ቀስ እያልክ ወደ ላይ ውኃ አጠጣው። ከላይ ከጀመርክ ውኃው ሁሉንም አርሶ ስለሚወርድ በየት እንደገባ አታውቅም። የውጭው ቧንቧ ለብርዱ ከተዘጋ የአትክልት ውኃ ማጠጫ ይበቃል። ውስጥ ያለው ሰው የረጠበውን ቦታ በጠመኔ ያክብበው። ጣሪያው ደረቅ ሆኖ ከተገኘ የሚያንጠባጥብብህ የራሳችሁ ላብ ነው።

ቀለል አድርገው (ኮሎምበስ)

ይሄ ሁሉ ምርምር ለምን? ሰማያዊውን ላስቲክ ከላይ ጣል አድርጎ በገመድ ማሰር ነው። አገር ቤት ገበያ ላይ ዝናብ ሲመጣ ምን ነበር የምናደርገው? በጥቂት ዶላር ትገላገላለህ።

የዱሉዙ

ወዳጄ፣ ገበያው ላይ ማሞቂያ አልነበረም። ላስቲኩ የድንኳኑን አየር ማስወጫ ይደፍነዋል፤ ላቡ ይብሳል፣ ከዚያ የከፋው ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጠራቀማል። በከሰል ጭስ ቤት ዘግተው ያደሩ ሰዎች ሳይነቁ ቀሩ ሲባል ያልሰማ መቼም እኛ መካከል የለም። ይሄም ያው ነው፤ ሽታ የለው፣ አይታይ።

«የኔ ማሞቂያ ኦክሲጅን ሲያንስ ራሱን ያጠፋል» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፣ ያጠፋል። ግን የሚለካው ኦክሲጅን እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይደለም። በባትሪ የሚሠራ ጠቋሚ ገዝተህ አብራችሁ ይዋል፤ ልጆች ይዘህ ስትሄድማ ያለሱ አትውጣ። ጀበና ይዛችሁ የምትሄዱም አላችሁ፤ አውቃለሁ፣ እኔም ቡና ወዳጅ ነኝ። ከሰል ድንኳን ውስጥ በፍጹም አይገባም። ጀበናው በጋዝም ቢሆን ደጅ ይፍላ፤ ውስጥ የሚፈላ ነገር ሁሉ ተመልሶ ጣሪያው ላይ ነው የሚለጠፈው።

ለላቡ መድኃኒቱ አየር ነው። አንድ ማስወጫ ከላይ፣ አንድ ከታች በተቃራኒው ግድግዳ በኩል ክፈት። ትንሽ ይበርዳል፣ ቻለው። ማሞቂያውን አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ከማድረግ መካከለኛ ላይ ተወው። ጣሪያው ላይ ስኖው (ከሰማይ የሚወርደው ለስላሳ በረዶ) ካለ ደግሞ ከመለኮስህ በፊት አራግፈው። ስኖው እንደቀዘቀዘ ጨርቅ አያርስም፤ ከሥሩ ስታሞቀው ግን ይቀልጥና ጣሪያው የረገበበት ቦታ ላይ ይጠራቀማል።

ሸራ ሰፊዋ (ሲያትል)

የዱሉዙ ወንድማችን ያለው ልክ ነው፤ እኔ የማዕዘኑን ልያዝ። የጀልባ ሽፋንና ድንኳን መጠገን ሥራዬ ነው።

መጀመሪያ ጨርቅህን እወቀው። እንዲህ ያለ ድንኳን አብዛኛው ፖሊስተር ሆኖ በውስጥ በኩል ፖሊዩሬታን የሚባል ውኃ የማያሳልፍ ፕላስቲክ የተቀባ ነው። ውስጡን ገልብጠህ ስፌቱን ተመልከት፤ ስፌቱ ላይ የተለጠፈ ስስ ብርሃን አሳላፊ ቴፕ ካየህ ፖሊዩሬታን ነው፤ ሲሊኮን የተቀባ ጨርቅ ላይ ያ ቴፕ አይይዝም። ይሄን ሳይለዩ ማሸጊያ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ለፖሊዩሬታን ጨርቅ የፖሊዩሬታን ማሸጊያ፣ ለሲሊኮን የሲሊኮን። ሲም ግሪፕ የሚባለው የስፌት ማሸጊያ ለሁለቱም የተለያየ ቱቦ አለው፤ ስትገዛ ጀርባውን አንብብ። ከተጠራጠርክ በማይታይ ቦታ ጠብታ አድርገህ አሳድረውና በጥፍርህ ሞክረው። ተልጦ ከተነሳ የተሳሳተ ነው።

የሚረጨው ነገር ሥራው ሌላ ነው። የውጭው ጨርቅ ውኃ እንዳይጠጣ፣ ጠብታው ተንከባሎ እንዲወርድ ያደርጋል። ስፌት ላይ ያለ የመርፌ ቀዳዳ አይደፍንም። ሰው ግን ቆርቆሮ ሙሉ ረጭቶ «አሁንም ያፈሳል» እያለ ይመጣል።

የሚያፈሰውን ስፌት በውስጥ በኩል፣ ቅቡ ባለበት፣ ነው የምታሽገው። አሮጌው ቴፕ ተልጦ ከተንጠለጠለ የላላውን ብቻ አንሳ፤ የያዘውን አትንካው። ፋርማሲ በሚሸጠው አልኮል ንጹሕ ጨርቅ ነክረህ ስፌቱን እሸው፤ የእጅ ቅባትና የማሞቂያ ጥቀርሻ ካልለቀቀ ማሸጊያው አይይዝም። ከዚያ ድንኳኑን ገትረህ፣ ስፌቱ ተወጥሮ እያለ በትንሽ ብሩሽ ቀባ። ማሸጊያው የማር ውፍረት አለው፤ ክሩ ውስጥ እንዲሰርግ ብሩሹን ወዲያ ወዲህ እያደረግክ ግፋው፣ ከስፌቱ ግራና ቀኝ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ይለፍ። ወፍራም አንድ ጊዜ ከመቀባት ስስ ሁለት ጊዜ ይሻላል። ሥራው ሞቅ ባለ ጋራዥ ይሁን፤ ብርድ ላይ ቶሎ አይደርቅም። ሌሊቱን ይደር። ሲደርቅ እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ ከማጠፍህ በፊት ትንሽ የሕፃን ፓውደር ንፋበት።

ሁለት ነገር ልጨምር። ድንኳኑን በልብስ ሳሙና አታጥበው፣ ማሽን ውስጥ አታስገባው፤ ለብ ባለ ውኃና በስፖንጅ ብቻ። መለያው ላይ ሲፒኤአይ 84 የሚል ካለ ደግሞ ጨርቁ እሳት ቶሎ እንዳይዘው ተደርጎ የተሠራ ነው ማለት ነው፤ ያገኘኸውን ቅባት ሁሉ ስትደርብበት ያንን ልታበላሽ ትችላለህ። የሚረጭ ከፈለግክ በውኃ የተበጠበጠውን ውሰድ። ሽታው የሚያፍነውና የሚቀጣጠለው ዓይነት ከማሞቂያ ጋር አይሄድም።

ዊኒፔግ

ወለሉን የነካው ሰው የለም፤ የኔ ድርሻ ይሁን።

ብዙ ስኖው በረዶው ላይ ሲተኛ በክብደቱ ወደ ታች ይጫነዋል። አንተ ስትበሳው ውኃው በቀዳዳው ወጥቶ ከስኖው ሥር ይሰራጫል፤ ላዩን ስታየው ነጭና ደረቅ ነው፣ ስትረግጠው ሥሩ ውኃ የጠጣ ነው። ስለዚህ ድንኳኑን ከመዘርጋትህ በፊት አንድ ቀዳዳ ብሳ። ውኃው ወጥቶ መፍሰስ ከጀመረ ዕቃህን ጎትተህ ሌላ ቦታ ሞክር። ከተቀመጡ በኋላ መነሳት ሰነፍ ያደርጋል፣ ሁሉም «ይቁም ግድ የለም» ይላል፤ ማታ ካልሲውን ሲጨምቅ ይቆጨዋል።

ቦታው ጥሩ ከሆነ የድንኳኑን ስፋት ያህል ስኖውን እስከ በረዶው ድረስ ጥረገው። ውስጥ የቀረ ስኖው ሁሉ በማሞቂያው ሙቀት ውኃ ይሆናል። ቀዳዳዎቹን ሁሉ አስቀድመህ ብሳ፣ መብሻው ያወጣውን ውኃና ፍርፋሪ አርቀህ ድፋ፣ ከዚያ ድንኳኑን በላያቸው ላይ አምጣ። ውስጥ ሆኖ የሚበሳ ሰው ወለሉን በገዛ እጁ ነው የሚያጥለቀልቀው። ለእግር ልጆች የሚጫወቱበት፣ እርስ በርሱ የሚገጣጠም የስፖንጅ ምንጣፍ አለ፤ ርካሽና ቀላል ነው። ማሞቂያው ግን በእንጨት ላይ፣ ከምንጣፉ ርቆ ይቀመጥ።

ከታች ያለውን የጨርቅ ዘርፍ በደረቅ ስኖው ቅበረው፣ ነፋስ አያስገባም። በረጠበ ከቀበርከው ግን ማታ ከበረዶው ጋር አንድ ሆኖ ታገኘዋለህ። ያን ጊዜ አትጎትት፤ ያገለገለ ድንኳን ስትገዛ መጀመሪያ የምታየው የተቀደደ ዘርፍ ከዚሁ የመጣ ነው። ዙሪያውን በአካፋ ቀስ ብለህ ፈልቅቀው።

ጀማሪው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ትናንት ለብ ብሎ ስለነበር ታላቅ ልጄን ውስጥ አስገብቼ አጠጣሁት። ጣሪያው ጠብ አላለም! ያፈሰሰው ማዕዘኑ ብቻ ነው። ዘንጉ ጫፉ ጨርቁን ሲፈገፍገው ኖሮ ጣት የማታስገባ ቀዳዳ ፈጥሯል፣ ከጎኑ ደግሞ ቴፑ ወደ አንድ ክንድ ያህል ተልጧል። ሌላ ያስተዋልኩት ነገር መስኮቱ ሥር በውስጥ በኩል ጨርቁ እንደ ነጭ ቅርፊት ይረግፋል። ይሄስ ምንድን ነው?

ሸራ ሰፊዋ (ሲያትል)

የሚረግፈው ፖሊዩሬታኑ ነው። እርጥብ ታጥፎ ሲቀመጥ ቅቡ እየተበላሸ ይሄዳል። መዳፍህን ለጥፈህ አንሳው። የሚጣበቅና የሚገማ ከሆነ፣ በዚያ ላይ ጣሪያውም ግድግዳውም እንደዚያ ከሆነ፣ አትልፋ፤ ያ ድንኳን ሆዱ ሞቷል። መስኮት ሥር ብቻ ከሆነ ግን ይድናል። የላላውን ቅርፊት በአልኮልና በለስላሳ ብሩሽ አራግፈህ፣ ሲደርቅ ለድንኳን የሚሸጠውን የፖሊዩሬታን ቅብ በስሱ ቀባው።

ቀዳዳውን በማሸጊያ ብቻ አትድፈነው፣ ዘንጉ እንደገና ይበሳዋል። የሚጣበቅ የናይለን መጣፊያ ግዛ፤ ቴኔሺየስ ቴፕ ጥሩ ነው። አንድ ከውስጥ አንድ ከውጭ፣ ከቀዳዳው በየአቅጣጫው ሦስት ሳንቲ ሜትር ተርፎ። ማዕዘኖቹን በመቀስ ክብ አድርጋቸው፤ ሹል ማዕዘን ነው መጀመሪያ የሚነሳው። ጠርዙን በማሸጊያ ዙረው። የዘንጉ ጫፍ ላይ ያለው የጎማ ቆብ ወልቆ እንደሆነም እይ፤ ምክንያቱ እሱ ሳይሆን አይቀርም። መስኮቱን ደግሞ ብርድ ላይ አታጥፈው፤ ፕላስቲኩ ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል።

ቀለል አድርገው (ኮሎምበስ)

እሺ፣ ላስቲኬን መልሼ አጥፌአለሁ። ግን አንድ ጥያቄ፣ የሚረጨውን ጭራሽ አይግዛ ነው የምትሉት?

የዱሉዙ

ዘንድሮ አያስፈልገውም። ውኃው ጠብታ ሆኖ መውረዱን ትቶ ጨርቁ ጠቁሮ መጠጣት ሲጀምር ያን ጊዜ ይርጭ። አሁን ያለበት ወጪ ማሸጊያ፣ መጣፊያና የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ ነው።

ጀማሪው፣ ልጆች ስላሉህ ይሄንንም ልንገርህ። የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ለእግረኛ የሚመክረው ቢያንስ 4 ኢንች አዲስና ጥርት ያለ በረዶ ነው። ነጣ ያለው በረዶ ደካማ ስለሆነ እጥፍ ውፍረት ይፈልጋል። የባለፈው ሳምንት ወሬ አትመን፣ እየሄድክ ብሳና ለካ።

ጀማሪው

ማሸጊያውን ዛሬ እገዛለሁ። ከሐይቅ ስመለስ ድንኳኑን የት ላድርቀው? አፓርታማ ነው ያለሁት፣ ጋራዡ የጋራ ነው።

ዊኒፔግ

መታጠቢያ ቤት ውስጥ በመጋረጃው ዘንግ ላይ አንጠልጥለው፣ በሩን ክፍት አድርግና በማግሥቱ ገልብጠው። ባለቤትህ አንድ ቀን ትታገሣለች። እርጥብ እንዳለ ቦርሳው ውስጥ አትክተተው፤ መስኮት ሥር የረገፈውን የሠራው እሱ ነው። ወቅቱ አልቆ ስታስቀምጠው ደግሞ ኪሶቹን ፈትሽ፤ ልጆች ብስኩት ረስተው ከሆነ አይጥ እሱን ብላ ጨርቁን ትበሳለች። ክዳን ባለው የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ፣ ላላ አድርገህ አጥፈህ አስቀምጠው።