60 ተማሪ፣ 2 ኳስ፣ የድሬ ፀሐይ

ጠያቂ (ሳቢያን፣ ድሬዳዋ)፦
ሰላም የስፖርት መምህራን። 9ኛ ክፍል፣ 60 ተማሪ፣ 2 ኳስ፣ 40 ደቂቃ። ጥቂቶቹ ሲጫወቱ ሌላው ጥላ ሥር ይቀመጣል፣ በተለይ ሴቶቹ። ምን ይሻላል?

የከዚራው፦
አብሽር። ትልቁን ጨዋታ ተወውና 6 ጣቢያ አድርግ፤ በየጣቢያው 10 ልጅ። 5 ደቂቃ ሰውነት ማሟሟቂያ፣ በየጣቢያው 4 ደቂቃ፣ ለመቀያየር 1፣ ማብረጃ 5። ኳስ የሚፈልጉት ሁለቱ ጣቢያዎች ብቻ ናቸው። ለቀሩት ገመድ ዝላይ፣ በጨርቅ ኳስ ዒላማ መምታት፣ በአንድ እግር ሚዛን መጠበቅ፣ በሃይላንዶች መሃል እየተጠማዘዙ መሮጥ። ሃይላንዱ ውስጥ አሸዋ ጨምርበት፣ ባዶውን ነፋስ ይጥለዋል። ከ3 ልጅ በላይ ከተሰለፈ ሁለተኛ ገመድ ወይም ዒላማ ጨምር፤ ልጆቹ የሚሰለቹት ወረፋ ላይ ነው።

ሐረር፦
ኳሱ ጋ በ10 በ20 ሜትር 4 ለ 4 አጫውት። የተረፉት ሁለቱ አንዱ ዳኛ፣ ሌላው ቅብብል ቆጣሪ፤ በየደቂቃው ይቀየሩ። ከጎል በፊት 3 ቅብብል ግዴታ ይሁን፣ አለበለዚያ ጎበዙ ብቻውን ይዞ ይሮጣል። አምበል ቡድን እንዲመርጥ ፈጽሞ አታድርግ! መጨረሻ የሚቀሩት ሁሌም እነዚያው ልጆች ናቸው፣ ቀጥሎ «ቱታ ረሳሁ» ይመጣል። በስም መጥሪያ ቁጥር መድብ።

ጠያቂ፦
መስመሩን በኖራ ላስምር? ረመዳን ላይስ?

የከዚራው፦
ኖራ ዓይን ያቃጥላል፤ መሬቱን በእንጨት ጫር። ለጾመኞቹ ሩጫና ገመዱን ቀንስ፣ ዒላማ፣ ሚዛንና ዳኝነት ይበቃል። ከተቻለ ክፍለ ጊዜውን ወደ ጠዋት 2 ሰዓት አስቀይር።