ለቦንጋ መንገድ የፒክአፕ ጎማ፦ ኤ/ቲ ልግዛ ወይስ የአስፋልቱ ይበቃኛል?

ማር ወለላ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከካፋ ማር እየገዛሁ አዲስ አበባ አመጣለሁ። መኪናዬ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ናት፣ ፎር ዊል ያላት። ጎማዋ 265/65 አር 17 ነው። በጅማ አድርጎ እስከ ቦንጋ 460 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ነው፤ ጉድጓዱን ካልቆጠርነው ማለቴ ነው። ከቦንጋ ወደ ገጠር ደግሞ 35 ኪሎ ሜትር ኮረኮንች አለ። መከራዬ እሱ ላይ ነው። ክረምት ላይ ቀዩ አፈር ሳሙና ይሆናል። በጋ ላይ ድንጋዩ ስለት ነው።

ባለፈው የኋላ ጎማዬን ድንጋይ ጎኑን ቀደደው። ስኮርታውን አሰርን። እሱም ወልቂጤ ሳንደርስ ፈነዳ። ሻጩ ሲሸጥልኝ «የ2016 ነው» ብሎኝ ስለነበር ገና አዲስ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ጎማ ልቀይር ነው። ኤ/ቲ የሚሉት፣ ለአስፋልትም ለኮረኮንችም የሚሆነው፣ እውነት ለውጥ አለው? አንዱ ነጋዴ ኤም/ቲ፣ የጭቃው ጎማ፣ ይሻላል ይላል። ሌላው ወደ 285/70 ከፍ ይደረግ ይላል። 4ቱን በአንዴ ለመግዛት አቅም የለኝም፤ 2 ብቻ ብገዛ የት ይታሰር? ጭነቴ 30 ጀሪካን ማር ነው፣ ባለ 20 ሊትር። በእኔ ስሌት 600 ኪሎ። ከ3 ሰው ጋር።

ኮረኮንች፦

ወንድሜ፣ ከ495 ኪሎ ሜትር 460ው አስፋልት ከሆነ ኤም/ቲ ምን ያደርግልሃል? ጥርሱ ትልልቅ፣ ክፍተቱም ሰፊ ስለሆነ ጭቃ ላይ ጎበዝ ነው። አስፋልት ላይ ግን ይጮሃል፣ ቶሎ ያልቃል። ዝናብ ያራሰው አስፋልት ላይ ፍሬን ስትይዝ ደግሞ አይታመንም። ግቤን ቁልቁል ስትወርድ፣ ከኋላህ ማር፣ ከፊትህ የጭነት መኪና። አስበው እስቲ።

ላንተ ኤ/ቲ ነው። ኤች/ቲ ከሚባለው ከአስፋልቱ ጎማ ጥርሱ ጠለቅ ይላል፣ ትከሻው ላይም ጥርስ አለው። ኤ/ቲም ቢሆን ሁሉም አንድ አይደለም። እንደ ዮኮሃማ ጂኦላንዳር ያለው ለዘብ ያለ ነው። ቢኤፍ ጉድሪች ኬኦ2 ጠንከር ያለና ከበድ ያለ ነው። ይህን ያህል አስፋልት ለሚነዳ ሰው እኔ ለዘብ ያለውን እመርጣለሁ።

285/70ውን እርሳው። የአሁኑ ጎማህ ቁመት 776 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ያኛው 831 ነው፤ 7 በመቶ ይበልጣል። ስፒዶሜትሩ 80 ሲልህ አንተ 85 እየሄድክ ነው። ዳገት ላይ ሞተሩ ይደክማል፣ ናፍጣ ይበላል፣ መሪ ስትጠመዝዝም መከላከያውን ሊነካ ይችላል። ያምራል፣ አልክድም።

ማር ወለላ፦

አመሰግናለሁ። በነገራችን ላይ እህትህ ነኝ፣ ወንድምህ አይደለሁም።

ኮረኮንች፦

ይቅርታ እህቴ! ምክሩ ያው ነው፤ «ህ»ውን «ሽ» አድርገሽ አንብቢው።

ጎሚስታው፦

እኔ ጎማ እየጠገንኩ ነው የምኖረው። ሰው ሁሉ ስለ ጥርስ ያወራል። ያንቺን ጎማ የገደለው ግን ጥርሱ አይደለም፣ ጎኑ ነው። ጥርሱ ላይ ሚስማር ቢገባ ጠግኜ እሰጥሻለሁ። ጎኑ ከተቀደደ ግን አልነካውም። እጠግናለሁ የሚልሽ ካለ መኪናሽን ይዘሽ ሂጂ።

ስለዚህ ኤ/ቲ የሚለውን ብቻ አይተሽ አትግዢ። አንድ አይነት ስም ያለው ጎማ በ2 አይነት ሊመጣ ይችላል። አንደኛው ለቤት መኪና አይነት አገልግሎት፣ ጎኑ ሳሳ ያለ። ሌላው ለጭነት፣ ጎኑ የተደራረበ። የጭነቱ ብዙውን ጊዜ ከቁጥሩ በፊት «ኤልቲ» ወይም ከቁጥሩ በኋላ «ሲ» ይጻፍበታል። የመሸከሚያ ቁጥሩም ይለያል። 112 የሚል አንዱ ጎማ 1120 ኪሎ ይችላል፤ 120 የሚል 1400። ለኪሎው ብቻ ከሆነ 112ም ይበቃሻል። ወፍራሙን የምልሽ ለድንጋዩ ነው። ክፉ ጎኑ፣ ባዶ ስትሄጂ ይነጥራል። ወገብ ይጠይቃል።

ሌላው «የ2016 ነው» ያለሽ ነገር። የፈነዳውን ስኮርታ አልጣልሽውም አይደል? ጎኑ ላይ ሞላላ ቅርጽ ውስጥ 4 አሃዝ አለ። ፈልጊና ጻፊልኝ።

ማር ወለላ፦

አገኘሁት። 3816 ይላል።

ጎሚስታው፦

ይኸውልሽ። የመጀመሪያዎቹ 2 ቁጥሮች ሳምንቱ ናቸው፣ የመጨረሻዎቹ 2 ዓመቱ። 38ኛው ሳምንት፣ 2016 በፈረንጅ። በእኛ መስከረም 2009 የተሠራ ነው። ሰውዬው አልዋሸም ልበል? የፈረንጁን ነገረሽ፣ አንቺ በሐበሻ ሰማሽ። ጎማ ተራ ስትሄጂ ዓመቱን አትጠይቂ፣ ራስሽ አንብቢ። ሳይነዳ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠም ያረጃል። ላስቲኩ ይደርቃል፣ በጎኑ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል። ከ2 ዓመት በላይ የተቀመጠ ከሆነ ዋጋ አስቀንሺ፤ 5 ከሞላው ግን በነጻ ቢሰጡሽም አትውሰጂ።

የንብ አባት፦

ስለ ጎማ ብዙም አላውቅም፣ ስለ ማር ግን አውቃለሁ። እህቴ፣ 20 ሊትር ማር 20 ኪሎ አይደለም! ማር ከውሃ ይከብዳል። አንዱ ሊትር 1.4 ኪሎ ገደማ ነው። ጀሪካኑ 28 ኪሎ ይመዝናል፣ 30ው 840። 600 አልሽ፣ 240 ኪሎ ደብቀሽ ነው የምትሄጂው። 3 ሰው ስትጨምሪበት ከ1000 ኪሎ ያልፋል።

ማር ወለላ፦

ኧረ ጉድ! ስገዛ በኪሎ ነው የምከፍለው። መኪናው ላይ ሲጫን ግን በጀሪካን ነበር የማስበው።

ሾፌር ከሰመራ፦

እንግዲያው ጎማሽን ያፈነዳው እርጅናው ብቻ አይደለም። አየር ስንት ነበር? ብዙ ሾፌር ቆላ ሲወርድ «ሙቀት ነው፣ ይነፋል» ብሎ አየር ያስቀንሳል። ወደ አፋር ስንወርድ በየጊዜው የማየው ነገር ነው። ተገላቢጦሽ ነው። አየሩ ያነሰ ጎማ ጎኑ ይጣጠፋል፣ ሲጣጠፍ ይግላል፣ ሲግል ይፈነዳል። ጭነት ሲኖር ደግሞ ይብሳል።

እውነት ነው፣ ሙቀት ግፊቱን ከፍ ያደርጋል። ግን ከደጋ ስትወርጂ የውጭው አየር ግፊትም ስለሚጨምር ጌጁ ላይ የምታዪው ቁጥር ዝቅ ይላል። አዲስ አበባ ጠዋት በብርድ 30 ሞልቼ ሰመራ ስለካው ያው 30 አካባቢ ነው። አንዱ አንዱን ያጣፋዋል። ስለዚህ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ለኪ። ስትጭኚ የኋላውን ከፍ አድርጊ። ልኩ በሾፌሩ በር በኩል፣ በሩ ሲከፈት በሚታየው ወረቀት ላይ ተጽፏል፤ ለባዶና ለጭነት ለየብቻ ከሆነ የጭነቱን ተከተይ። መንገድ ላይ ጎማው ግሎ ሳለ ቁጥሩ ጨመረ ብለሽ አታስተንፍሺ።

ጋሽ ባሌስትራ፦

ልጄ፣ 30 ዓመት ነድቻለሁ። 2 አዲስ ጎማ ካለሽ ፊት እሰሪው። መሪ የሚይዘው የፊቱ ነው። የፊት ጎማ ከፈነዳ መኪናው ይጎትትሻል።

ጎሚስታው፦

ጋሼ፣ እርስዎን መቃወም ይከብደኛል። እዚህ ላይ ግን አልስማማም። ፊቱ ሲንሸራተት መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ እግር ከነዳጅ አንስተው ያስተካክሉታል። ኋላው ሲንሸራተት ግን መኪናው ይዞራል፣ እሱን ለመመለስ ጊዜም አያገኙ። የጎማ አምራቾችም አዲሱን ኋላ እሰሩ ነው የሚሉት። እሷ ደግሞ ጭነቱም ኋላ ነው፣ የተቀደደባትም የኋላው።

ጋሽ ባሌስትራ፦

ኋላ ቢሆንም፣ ያለቀውን ፊት አስራ ግቤን ትውረድ ነው የምትለኝ?

ጎሚስታው፦

እሱስ ልክ ብለዋል ጋሼ። የፊቱ ደህና ካልሆነ 2ቱን መግዛት ትርጉም የለውም። ጥርሱ 1.6 ሚሊ ሜትር ከደረሰ አልቋል። ለዝናብ ግን እኔ ከ3 በታች አላምነውም።

ኮረኮንች፦

አንድ ነገር ልጨምር። 2 አዲስ 2 አሮጌ ካሰርሽ መጠኑ የግድ አንድ ይሁን። የሃይሉክስ ፎር ዊል የፊቱንና የኋላውን አንድ ላይ ነው የሚያስረው። አዲሱና ያለቀው በቁመት ይለያያሉ፤ ልዩነቱን ጭቃ ላይ ጎማው እየተንሸራተተ ያቻችለዋል። ደረቅ አስፋልት ላይ ፎር ዊል ካስገባሽ ግን ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ ይጣላሉ። ጎማሽ 4ቱም አዲስ ቢሆን እንኳ አስፋልት ላይ አታስገቢ።

የዴንቨር አበሻ፦

እዚህ ሰው ኤ/ቲ ሲገዛ በጎኑ ላይ የተራራና የበረዶ ምልክት ያለበትን ይመርጣል። ለበረዶ የተፈተነ ማለት ነው። ሻጭ ያን ምልክት እያሳየ ዋጋ ከጨመረብሽ ሳቂበት። ቦንጋ በረዶ የለም።

ማር ወለላ፦

ከ3 ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ለዘብ ያለ ኤ/ቲ ገዛሁ፣ ኤልቲ የተጻፈበት፣ መጠኑ ያው። 2 ኋላ አሰርኩ። ከነበሩት የተሻሉትን 2 ፊት፣ ሦስተኛውን ስኮርታ አደረግሁት። ቁጥሩን ራሴ አነበብኩ፤ ሻጩ ትንሽ ደነገጠ። ጭነቱንም 24 ጀሪካን አደረግሁ።

ኮረኮንቹን ያለ ችግር ወጣነው። ቀዩ አፈር ላይ ግን ከዝናብ በኋላ ያው ቆምን። ወንድሜ ጎማውን ወደ 20 አስተነፈሰውና በቀስታ ወጣ። ቦንጋ እስክንደርስ የሚነፋ ስላልነበረ ድንጋዩ ላይ በእግር ፍጥነት ሄድን። በባትሪ የምትሠራ ትንሽ መንፊያ አሁን ዝርዝሬ ውስጥ ገብታለች። ጎማው ግን ያጉረመርማል! ከ70 በላይ ሬዲዮን ከፍ ማድረግ ነው።

ጎሚስታው፦

መንፊያዋን ከሚቀጥለው ጉዞ በፊት ግዢ። ያለ እሷ ጭነት ይዘሽ አታስተንፍሺ፤ ጎኑ ወደ ውጭ ተለጥጦ ለድንጋዩ የተጋለጠ ይሆናል። ድምፁ በአንዴ ከጨመረ ግን ሬዲዮኑን አጥፊና ስሚ። ጥርሱ በአንድ ወገን እየተበላ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ነው። የቀሩትን 2 ስትገዢ ደግሞ ያው ስም፣ ያው ቁጥር ይሁን፤ ከዚያ በየ10 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ፊትና ኋላ እናለዋውጣቸዋለን።