ቨርዥን ሲጋጭ ፓኬጅ ማኔጀሩ ይምረጥ ወይስ ያቁም?

ኮድ አርቃቂ፦
ፓኬጅ ማኔጀር ፕሮግራማችን የሚፈልጋቸውን ላይብረሪዎች (ሰው ጽፎ ያስቀመጣቸውን ዝግጁ ኮዶች) የሚያመጣልን መሣሪያ ነው። ሁለት ላይብረሪዎች የአንድን ዲፔንደንሲ (የሚደገፉበትን ሌላ ላይብረሪ) የተለያየ ቨርዥን ሲጠይቁ የጃቫው ማቨን ማንንም ሳይጠይቅ አንዱን ይመርጣል። እኔ ቢልዱን (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም የመቀየሩን ሥራ) ማቆም ነበረበት ባይ ነኝ። ፕሮጀክታችን «ሀ» እና «ለ» የሚባሉ ላይብረሪዎችን ይጠቀማል እንበል። «ሀ» ጓቫ የሚባለውን የጃቫ ላይብረሪ 20.0 ቨርዥን ይፈልጋል። «ለ» ደግሞ «ሐ»ን ይጠራል፤ «ሐ» የሚፈልገው ጓቫ 31.1ን ነው። ማቨን የሚወስደው አዲሱን ሳይሆን ለፕሮጀክቱ ቅርብ የሆነውን ነው። 20.0 በሁለት እርምጃ፣ 31.1 በሦስት እርምጃ ስለሚገኝ 20.0 ያሸንፋል። ርቀቱ እኩል ከሆነ ዲፔንደንሲዎቹ በሚዘረዘሩበት ፖም ፋይል ላይ ቀድሞ የተጻፈው ያሸንፋል።

ቢልዱ ምንም ሳይል ያልቃል፤ «ሐ» ኮምፓይል ተደርጎ ያለቀ ጃር (የታሸገ የጃቫ ኮድ ፋይል) ስለሆነ ማንም መልሶ አይፈትሸውም። ቱ-ኢሚውተብል-ሊስት የሚባለው ሜተድ (በስሙ የሚጠራ የኮድ ክፍል) ግን የመጣው በጓቫ 21 ነው። «ሐ» እሱን ሲጠራ ፕሮግራሙ «ኖ ሰች ሜተድ ኤረር» ብሎ ይወድቃል። ያ መስመር ያለው የወር መጨረሻ ሪፖርት ውስጥ ከሆነ ችግሩ የሚታወቀው ወሩ ሲያልቅ ነው።

ሰርቨር ጠባቂ፦
ችግሩ መምረጡ ሳይሆን የመምረጫ ሕጉ ነው። ጎ ቋንቋም ዝም ብሎ ይመርጣል፣ ግን ከተጠየቁት ዝቅተኛ ቨርዥኖች ትልቁን ነው የሚወስደው። አንዱ ቢያንስ 1.2፣ ሌላው ቢያንስ 1.5 ካለ፣ 1.9 ቢወጣም እንኳ 1.5 ይመጣል። ማንም ያልጠየቀው አዲስ ቨርዥን ሾልኮ አይገባም። በ2018 እ.ኤ.አ. ኢቨንት-ስትሪም የሚባለው የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ 3.3.6 ላይ የቢትኮይን ቦርሳ የሚሰርቅ ኮድ ሲገባ፣ «^3.3.4» (ከ3.3.4 ጀምሮ ከ4 በታች ያለ ሁሉ ይሁን) ብለው የጻፉ፣ በጃቫስክሪፕቱ ፓኬጅ ማኔጀር በኤንፒኤም የሚሠሩ ፕሮጀክቶች ቨርዥኑን የሚቆልፍ ሎክ ፋይል ከሌላቸው በአንድ ኢንስቶል ይዘውት ይመጡ ነበር።

ኮድ አርቃቂ፦
ወንድሜ፣ ትልቁን መውሰድም ጃቫ ላይ አያድንም። ጓቫ 21 ላይ ከኦብጀክትስ ክላስ ውስጥ ፈርስት-ነን-ነል የሚባለው ሜተድ ተሰርዟል። 31.1 ቢመረጥ «ሐ» ይድናል፣ ፈርስት-ነን-ነልን የሚጠራ «ሀ» ግን ይወድቃል። ግሬድል የሚባለው ሌላው የጃቫ መሣሪያ በነባሪ የሚያደርገው ይህንኑ፣ ትልቁን መውሰድ ነው። ጎ የሚተርፈው ሁሉንም ከምንጭ ኮዱ ስለሚገነባ ነው፤ የጠፋ ፈንክሽን ካለ እዚያው ቢልድ ላይ ይታያል።

የዳታ ልጅ፦
ማቆም ያለውን ዋጋም እንይ። የፓይተኑ ፓኬጅ ማኔጀር ፒፕ ከ20.3 ቨርዥኑ ጀምሮ፣ ማለትም ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ የማይታረቅ ግጭት ሲያገኝ «ሪዞሉሽን ኢምፖሲብል» ብሎ ይቆማል። ድሮ መጀመሪያ ያገኘውን ይዞ ይቀጥል ነበር። አሁን ግን ከመቆሙ በፊት ወደ ኋላ እየተመለሰ ቨርዥን በቨርዥን ይሞክራል፤ አንዳንዴም መረጃውን ለማንበብ ብቻ ፓኬጁን በሙሉ ያወርዳል፣ ደካማ ኔትወርክ ላይ ይህ አድካሚ ነው። የባሰው ደግሞ አንድ ላይብረሪ ጸሐፊ ሳይሞክረው «ከ2 በታች» ብሎ ጣሪያ ሲያስቀምጥ ነው። 2 ላይ ቢሠራም ባይሠራም ሁላችንም እንታገዳለን። መፍትሔው ላይብረሪ ላይ ጣሪያ አለማስቀመጥ፣ አፕሊኬሽን ላይ ግን ሁሉንም ቨርዥን በኮንስትሬንት ፋይል (የተፈቀዱ ቨርዥኖች ዝርዝር) ቆልፎ «-ሲ» በሚለው አማራጭ ለፒፕ መስጠት ነው።

ሰርቨር ጠባቂ፦
ስትቆልፉ ግን የደኅንነት እርማቱም ይቆለፋል። ታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. ላይ ሎግፎርጄ የሚባለው የጃቫ ላይብረሪ የደኅንነት ቀዳዳ ሲታወቅ 2.15.0 ወጣ፣ አልበቃም፤ 2.16.0፣ 2.17.0፣ ከዚያም በዚያው ወር 2.17.1 ተከተሉ። ይህ የጎ ሕግም ድክመት መሆኑን አምናለሁ፤ ሰው ካልጠየቀ እርማቱ አይመጣም።

ኮድ አርቃቂ፦
ሰው ይጠይቅ ነው የምለው። ማቨን ላይ ዛሬውኑ ይቻላል፦ ኢንፎርሰር የሚባለውን የማቨን ፕለጊን (ተጨማሪ መሣሪያ) ጨምሩና «ሪኳየር አፐር ባውንድ ዴፕስ» የሚለውን ሕግ አብሩ። የተመረጠው ቨርዥን አንዱ ላይብረሪ ከጠየቀው ካነሰ ቢልዱ ይቆማል። «ዲፔንደንሲ ኮንቨርጀንስ» የሚለው ሕግ ትንሽ ልዩነት ሁሉ ስለሚያስቆመው ትልቅ ፕሮጀክት ላይ ሰው ተሰላችቶ ያጠፋዋል፤ በእሱ አትጀምሩ። ከዚያ የዲፔንደንሲ ዛፉን (ማን ማንን እንደሚጠራ የሚያሳየውን ዝርዝር) በቨርቦስ፣ ማለትም በሙሉ ዝርዝሩ አውጥታችሁ በግጭት የተተወውን ፈልጉ፣ የምትፈልጉትን ቨርዥንም ፖም ፋይሉ ላይ ባለው ዲፔንደንሲ ማኔጅመንት ክፍል ውስጥ ጻፉ። እዚያ የተጻፈ ቁጥር የርቀቱን ሕግ ይሽራል። «ሀ» አሁንም የተሰረዘውን ሜተድ የሚጠራ ከሆነ ግን ቁጥር መቀየር አያድነውም፤ «ሀ» ራሱ መታደስ አለበት።

የዳታ ልጅ፦
ሕጉን ማብራት ግድ ከሆነ ማቆም የማቨን ነባሪ ለምን አይሆንም? ጥያቄዬ እዚያ ላይ ነው።