ግራው ከቀኙ እጥፍ ሆነብኝ፣ ታካሚው አልጋ ላይ ነው!

ቴክኒሻኑ፦ ድረሱልኝ! ኢኢጂ (የአንጎል ኤሌክትሪክ) እየቀዳሁ ነው። ግራ ራሱ ላይ በለጠፍኩት ኤሌክትሮድ፣ በሲ3፣ ሞገዱ የቀኙን የሲ4ን እጥፍ ያህላል፣ ጫፉም ሹል ነው። ኤሌክትሮዱን ሁለቴ ቀየርኩ። ኢምፒዳንሱ (ኤሌክትሮዱና ቆዳው መካከል ያለው የኤሌክትሪክ እንቅፋት) ሁሉም ከ5 ኪሎ ኦም በታች ነው፣ ጥሩ ነው። ሐኪሙ ወጥቷል። የሚጥል በሽታ ብዬ ልጻፍ?

ጄል የምንለው ባልደረባ፦ ጸጉሩ ታጥቧል? ቅቤ ካለው ልፋት ነው። በአልኮል ጥረግና አዲስ ጄል አድርግ።

ጥገና ክፍል፦ የሲ3ንና የሲ4ን ገመድ አቀያይራቸው። ችግሩ ገመዱን ተከትሎ ከሄደ የማሽኑ ነው።

ቴክኒሻኑ፦ አቀያየርኩ። ንቅንቅ አላለም፣ ግራው ላይ ነው።

ጋሽ መምህር፦ ልጆች፣ ይሄ ነገር የቆየ ነው። ጀርመናዊው ሐንስ በርገር በ1924 እ.ኤ.አ. የሰው አንጎል ኤሌክትሪክ ሲቀዳ የጀመረው በማን ነበር? ራስ ቅላቸው በቀዶ ጥገና በተከፈተ ሰዎች። አጥንት ኤሌክትሪክ በደንብ አያሳልፍም። ምልክቱ ቆዳ ላይ እስኪደርስ ይደክማል፣ ይበተናል። ስለዚህ በርገር…

ጄል፦ ጋሼ፣ ታካሚው ተኝቶ እየጠበቀ ነው እኮ! ጸጉሩን ይጠብ።

ሲስተር፦ ግራው ትልቅ ነው ያለህ ማነው? ቀኙ አንሶ ቢሆንስ? ቀኝ በኩል ቆዳው ካበጠ ወይም ከሥሩ ደም ከቋጠረ ሞገዱ ያንሳል። ጄል ወደ ጎረቤት ኤሌክትሮድ ከፈሰሰም ያው ነው። ደግሞስ በሜትር ለክተሃል ወይስ በዓይንህ ገምተህ ነው የለጠፍከው? አንዱ ሸርተት ካለ ግራና ቀኝ አይመሳሰሉም።

ቴክኒሻኑ፦ ለክቻለሁ ሲስተር። እብጠትም የለውም።

የማታ ተረኛ፦ ጣትህን ጸጉሩ ውስጥ አስገባና ዳስስ። ጠባሳ ወይም ሰርጎድ ያለ ቦታ አለ? አጥንቱ በተከፈተበት ላይ ሞገዱ ይጎላል፣ ይሾላል። ብሪች ሪትም ይሉታል። ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 11 ሄርዝ (ሞገድ በሰከንድ) ነው፣ ቤታ የሚባለው ፈጣን ሞገድም አብሮ ያድጋል። እኔ ራሴ አንዴ ተሸውጄበታለሁ። ቀኝ እጅን የሚያዘው ግራው አንጎል ስለሆነ፣ ቀኝ እጁን ጨብጥ በለው። ሪትሙ ከቀነሰ ጥሩ ፍንጭ ነው፣ ሁሌ ግን አይቀንስም። በሽታ የሚጽፈው ሐኪሙ ነው። አንተ ጠባሳው የት እንዳለ ጻፍ።

ቴክኒሻኑ፦ ኧረ ጉድ! ከጆሮው በላይ ረጅም ጠባሳ አለ። እናቱን ጠየቅኳቸው፣ ከሞተር ወድቆ ጭንቅላቱ ተከፍቶ ነበር አሉኝ። ሪፈሩ ላይ አንድ ቃል የለም!

ሲስተር፦ ሳትጠይቅ ነው እንዴ የጀመርከው?

የማታ ተረኛ፦ ተዪው ሲስተር፣ ሁላችንም አድርገነዋል። ስማ፣ ጠባሳ ስላለ ብቻ በሽታው የለም ማለት አይደለም። ጉዳቱ ራሱ ሊያመጣው ይችላል። ሹሉን ዘገምተኛ ሞገድ ከተከተለውና ከክፍተቱ ርቆ ከታየ፣ ቦታውን ምልክት አድርግና ሐኪሙን ደውለህ ጥራ። እጁን ሲጨብጥ ምን ሆነ?

ጋሽ መምህር፦ በርገርም ቢሆን በኋላ የገዛ ልጁን…

ጄል፦ ታዲያ ጸጉሩን አጠብከው?